የጋሼ ደብተር ውስጥ ያለውን ጥይት «ቁሳቁስ» ብዬ ያሳተምኩት ጉድ

ጋሼ በድሮው ባህር ሀይል «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከብ ላይ መድፈኛ ነበሩ። መርከቧ መጀመሪያ የአሜሪካ ነበረች፣ ስሟም ኦርካ፣ እ.ኤ.አ. 1962 ነው ወደኛ የመጣችው። ስለ ጥይቶቿ የጻፉትን ደብተር ለቤተሰብ 30 ኮፒ ላሳትም አልኩ። መተየቡ ሁለት ሳምንት ወሰደ፣ ቀላል ነው።

«5/38» የሚለውን ገጽ ቁጥር መስሎኝ ልዘለው ስል ነው ጋሼ የያዙኝ። ለካ 5 ኢንች (127 ሚሊ) የመድፉ አፍ ስፋት ነው፣ 38 ደግሞ ርዝመቱ የስፋቱ 38 እጥፍ ነው ማለት ነው፣ ወደ አምስት ሜትር የሚጠጋ! ከዛ ፔርሙዝ አምጥተው ጠረጴዛ ላይ አቆሙና «ይሄ ቀለሃው ነው፣ ባሩዱ ውስጡ ነው፣ አፉ በቡሽ ይደፈናል። አረሩ፣ ተተኩሶ የሚሄደው፣ ለብቻው ነው፣ ሩብ ኩንታል ጤፍ በይው። ሁለቱ ቢያያዙ 38 ኪሎ ይጠጋል፣ መርከብ እየተናወጠ ማን ይሸከመዋል?» አሉኝ። የመርከቧ ትንንሽ መድፎች ጥይት፣ የ40 ሚሊው፣ ግን ትንሽ ስለሆነ አረርና ቀለሃው እንደተያያዘ ነው፣ አራት አራት እየሆነ በማያዣ ይገባል። ለአምስት ኢንቹ ሰዓት ተሞልቶለት አየር ላይ የሚፈነዳ አለ፣ በፓራሹት እየወረደ ሌሊቱን ቀን የሚያስመስልም አለ።

እዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

ፖስታ ቤት አካባቢ ያለ ማተሚያ ቤት ሄድኩ፣ ልጁ ሽፋኑን አይቶ «ጥይት ይላል እኮ፣ ደብዳቤ አምጪ» አለኝ። ከየት? እሱም አያውቅም። አንድ ቢሮ ሄድኩ፣ ሀላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በነጋታውም ስብሰባ። በሶስተኛው ቀን ሲገኙ ደብተሩን ሳይገልጡ «የኔ እህት፣ ጥይት የሚለውን ቁሳቁስ በይው፣ ደብዳቤም አያስፈልግሽም» አሉኝ፣ ለዚህ ነው እንግዲህ ሶስት ቀን የባጃጅ የከፈልኩት። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ኮምፒውተሩን ሁሉንም ባንዴ ቀይር አልኩት፣ ሳላነብ ላኩት። አሁንም የሚያናድደኝ እሳቸው ሳይሆኑ እኔው ነኝ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው «አራት ቁሳቁስ በአንድ ማያዣ... የሚያበራ ቁሳቁስ...» እያሉ አነበቡና ቀና ብለው «ይሄ ምንድነው፣ የወጥ ቤት እቃ ነው እንዴ?» አሉ። አልሳቁም።

ስለዚህ የሽማግሌ ደብተር የምታሳትሙ፣ ቢሮ የሚላችሁን አትስሙ፣ ሌላ ማተሚያ ቤት ሂዱ፣ አዳማ ውስጥ ሞልቷል። ሁሉንም ባንዴ ቀይር የሚለውን ነገርማ በጭራሽ እንዳትነኩት። ደግሞ ከመታተሙ በፊት ባለቤቱ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ እኔ ሰርፕራይዝ ላደርጋቸው ብዬ ነው የተበላሁት።

ጋሼ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዙ «ጥይት» ብለው መጻፍ ጀመሩ። 11 ኮፒ ላይ እጃቸው ደከመ። የቀሩትን 19 እኔ ጨረስኩ፣ ገጽ 7 ላይ ግን አሁንም አንድ ቁሳቁስ አምልጦኛል።