ፕሪንተሩ ምን በደለ?

ከሒሳብ ፕሮግራሙ ማተም ካቃተኝ ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነበር። ከቢሮ የወጣሁት መሽቶ ነው። ግን ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የወሩ የደመወዝ ዝርዝር ታትሞ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

ጣጣው የመጣው ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር ነው። የድሮው ዊንዶውስ 10 ነበረው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የደኅንነት ማሻሻያ በማይመጣለት ማሽን የሰው ደመወዝ መሥራት ያስፈራል። ስለዚህ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት መጣልኝ። የሒሳብ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ኢንስቶል አደረግኩ። ከዚያ ዳታው እንዳይጠፋብኝ ብዬ የድሮውን ፎልደር ከነግሳንግሱ ገልብጬ ከላዩ ጫንኩበት። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ፕሮግራሙ ተከፈተ። ቁጥሮቹ በቦታቸው አሉ። ሒሳቡ ይመዛዘናል። ፕሪንት ብዬ ስጫን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ትንሽ መስኮት ብልጭ ብላ ጠፋች። በቃ። ስህተት አለ እንኳን አላለም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የስድቡን ቃል ይዤ እፈልግ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን በስፑለር አለቀ። ስፑለር ማለት የሚታተመውን ሁሉ ተቀብሎ ወረፋ የሚያስይዝ አገልግሎት ነው። አንድ የተበላሸ ሥራ ከፊት ከተደነቀረ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። መፍትሔውን አውቀዋለሁ። አገልግሎቱን ታቆማለህ፣ ሲስተም32 ውስጥ ስፑል የሚለውን ፎልደር ከፍተህ ፕሪንተርስ የሚለው ውስጥ ያለውን ታጠፋለህ፣ መልሰህ ታስነሳዋለህ። ሄጄ ስከፍተው ፎልደሩ ባዶ ነው። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ወረፋው ባዶ ከሆነ መጀመሪያውኑ ከፕሮግራሙ የወጣ ነገር የለም ማለት ነው። እኔ ግን ባዶውን ፎልደር ሦስት ጊዜ አጸዳሁት።

በሁለተኛው ቀን ድራይቨሩ ላይ ዘመትኩ፤ ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር ነው። አወጣሁ፣ ጫንኩ፣ ደግሞ አወጣሁ። ኬብሉን ቀየርኩ። ቶነሩን ነቅዬ አራግፌ መለስኩ። በየመሃሉ ቴስት ፔጅ አዘዋለሁ፣ ጥርት አድርጎ ያወጣል። ይኼኔ ነው በመዳፌ ጎኑን የመታሁት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። ፕሪንተሩ የታዘዘውን ሁሉ እየሠራ ነበር እኮ።

ከሰዓት በኋላ የአይቲው ልጅ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ከኖትፓድ ያትማል?» አለኝ።

ሞከርኩ። ያትማል።

«ከሒሳቡ ፕሮግራም ወደ ፒዲኤፍስ?»

ይሄን አልሞከርኩም ነበር። ስሞክረው ያቺው መስኮት ብልጭ ብላ ጠፋች። ፒዲኤፍ ወረቀት አይፈልግም፣ ኬብል አይፈልግም፣ ቶነር አይፈልግም። ሁለት ቀን ሙሉ የደከምኩበት ማሽን ጉዳዩ ውስጥ እንደሌለበት በአንድ ጥያቄ ታወቀ።

ልጁ ቀጥሎ የጠረጠረው አስተርጓሚውን ነው። ፕሮግራማችን የድሮ፣ ባለ 32 ቢት ነው። ዊንዶውስ 11 ግን በ64 ቢት ብቻ ነው የወጣው፤ ድራይቨሮቹም እንደዚያው። ሁለቱ በቀጥታ አይግባቡም። ስፕልዋው64 የምትባል ትንሽ ፕሮግራም መሃል ገብታ ታስተረጉማለች። እውነት ለመናገር እሷ በሆነች ብዬ ተመኝቼ ነበር፤ ለአለቃ ሲነገር ደስ የሚል ምክንያት ነው። ሌላ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ከፍተን አተምን። ወጣ። አስተርጓሚዋም ነጻ ሆነች።

«እንግዲህ ራሱ ፕሮግራሙ የሚያስታውሰው ነገር አለ» አለና ነገ እመጣለሁ ብሎ ዘጋ።

ዛሬ ጠዋት መጥቶ በአሥር ደቂቃ አገኘው። ፕሮግራሙ የራሱ የፕሪንተር ሴቲንግ ፋይል አለው። ለኢንቮይስ፣ ለደረሰኝ፣ ለደመወዝ ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ የትኛው ፕሪንተር፣ ምን ዓይነት ወረቀት፣ ስንት ኅዳግ የሚለውን እዚያ ይጽፋል። ፋይሉ የመጣው እኔ ከገለበጥኩት ፎልደር ጋር ነው። ውስጡ ያለው የፕሪንተር ስም በድሮው ኮምፒውተር፣ በኔትወርክ በኩል የምጠቀምበት የነበረው ነው። ያ ፕሪንተር ዛሬ የለም። ፕሮግራሙ በእያንዳንዱ ፕሪንት የሌለውን እየጠራ፣ መልስ ሲያጣ ዝም ብሎ ይመለስ ነበር። ስሙን እየጠራ የከረመው የሌለ ዕቃ ነው፤ ያስገባሁለት ደግሞ እኔው ነኝ።

ልጁ ፋይሉን አላጠፋውም። ስሙ ላይ «አሮጌ» የሚል ጨመረበት። ፕሮግራሙ ሲከፈት ፋይሉን አጣው፤ አዲስ ሠራ። ፕሪንት አልኩ። ወጣ! እጁን ጨበጥኩት። ሻይ ልጋብዝህ ብለው ሌላ ቢሮ እየጠበቁኝ ነው ብሎ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ነው ቀሪው ጉድ የመጣው። አዲሱ ፋይል ወረቀቱን ሌተር ብሎ ይዞታል። የእኛ ኤ4 ነው። ኤ4 210 በ297 ሚሊሜትር ነው፤ ሌተር 216 በ279። በተራ ወረቀት ቢሆን ብዙም አያስታውቅም። የክፍያ ደረሰኛችን ግን ቀድሞ የታተመ ቅጽ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ሳጥን አለው። ድምሩ ሄዶ ሄዶ የፊርማው መስመር ላይ አረፈ። ኅዳጉን ትንሽ ላስጠጋው ብዬ ደገምኩ። አሁንም ዝንፍ አለ። ደገምኩ። የወረቀቱን ዓይነት ማየት ትዝ ያለኝ አሥራ አንድ ቅጽ ካበላሸሁ በኋላ ነው።

ቅጾቹ ደግሞ ተከታታይ ቁጥር አላቸው። ቀዶ መጣል የለም። በእያንዳንዳቸው ላይ «ተሰርዟል» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ከጥራዙ ጋር አሰርኳቸው። ኦዲተሩ ሲመጣ አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ ያያቸዋል። ምን እንደምለው ገና አላሰብኩም።