ከሩቅ የሚታዘዝ የፊዚክስ ሙከራ በክፍል ውስጥ፦ ቀጥታ ሥርጭቱን ተዉት፣ ፋይሉን ውሰዱ

ከደብረ ማርቆስ ብዙ በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ፔንዱለምን (በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) ለ11ኛ ክፍል በሦስት መንገድ አስተምሬያለሁ፦ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን፣ ራሳችን ከጣሪያ በሰቀልነው ክብደት፣ እና አውሮፓ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ተሰቅሎ በኢንተርኔት በሚታዘዝ ፔንዱለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙም አላስቸገሩኝም። ሦስተኛው ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ በሁለት ቀን ባለቀ ነበር።

ሲሙሌሽኑን በተመለከተ የምለው ጥቂት ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የፌት ሲሙሌሽኖች ነፃ ናቸው። የኤችቲኤምኤል 5 (ብራውዘር ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም የሚከፍተው ዓይነት) የሆኑትን ብቻ አውርዱ፤ እያንዳንዱ አንድ ፋይል ስለሆነ በፍላሽ ዲስክ ገልብጣችሁ ያለ ኢንተርኔት በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል። በፍላሽ ፕሌየር የሚሠሩትን አሮጌዎቹን አትነካኩ፤ ፍላሽ ፕሌየር በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተቋርጧል። የፔንዱለሙ ሲሙሌሽን የጨረቃንና የጁፒተርን ስበት መምረጫ አለው፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ በቂ ነው። ስልክ ለመጠቀም ከፈለጋችሁ ፋይፎክስ የተባለው መተግበሪያ (የስልኩን ዳሳሾች ለመለኪያ የሚጠቀም) ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ነገር ግን የፔንዱለም ሙከራው ጋይሮስኮፕ (መዞርን የሚለካ ዳሳሽ) ይጠይቃል፣ ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ደግሞ የላቸውም። በድምፅ የሚነሳና የሚቆም የሰዓት መቁጠሪያው ግን ማይክሮፎን ብቻ ይበቃዋል።

ራሳችን የሰቀልነው ፔንዱለም ላይ የሠራሁት ስሕተት አለ። መጽሐፍም ሥልጠናም "ማዕዘኑ ከ10 ወይም ከ15 ዲግሪ አይብለጥ" ይላሉ። እኔም በ10 ዲግሪ አስለቀቅሁ። ተማሪዎቹ ከክሩ ርዝመትና ከውዝዋዜው ጊዜ አስልተው ለስበቱ 9.75 ገደማ (በሜትር በሰከንድ ካሬ) አገኙ። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ የስበቱ መጠን፣ ጂ የምንለው፣ ከመጽሐፉ 9.81 ማነሱ ትክክል ነው ብዬ አስተማርኩ። ማነሱ እውነት ነው፤ ያገኘነው ማነስ ግን ከዚያ ብቻ የመጣ አልነበረም። በ10 ዲግሪ አንዱ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ በጣም ትንሽ በሆነ ማዕዘን ከሚፈጀው በ0.19 በመቶ ይረዝማል፤ ይህ ጂን በ0.04 ገደማ ዝቅ አድርጎ ያሳያል። በደብረ ማርቆስ ኬክሮስና ከፍታ የሚጠበቀው 9.78 ገደማ ነው፤ ከ9.81 ልዩነቱ 0.03 ገደማ ብቻ ነው። ስሕተቱ ከምንፈልገው ነገር በልጦ፣ ያውም ወደምንፈልገው አቅጣጫ ጎትቶን ነበር። ያን ክፍል ተመልሼ አላረምኩትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ እንዲህ ሥሩት። ርዝመቱ 2.5 ሜትር ይሁን። ናይለን ሲባጎ ይለጠጣል፤ የጫማ መስፊያ ክር ይሻላል። የክሩን ጫፍ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨቶች መካከል አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ክሩ የሚታጠፍበት ነጥብ ከእንጨቱ ጠርዝ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምስማር ላይ የተቋጠረ ክር ግን የት ላይ እንደሚዞር አይታወቅም። የ1 ኪሎ የሚዛን ብረት ስቀሉና ርዝመቱን ክብደቱ ከተንጠለጠለ በኋላ፣ እስከ ብረቱ መሐል ለኩ። የ2 ሚሊ ሜትር ስሕተት ጂ ላይ ወደ 0.008 ያመጣል፤ 1 ሳንቲ ሜትር ከተሳሳታችሁ ግን 0.04 ስለሚደርስ ሙከራው ዋጋ የለውም። ወደ ጎን የምትስቡት ከ20 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ይህም ከ5 ዲግሪ በታች ነው። 100 ሙሉ ውዝዋዜ ቁጠሩ። በጂ 9.78 ሰዓቱ 317.7 ሰከንድ፣ በ9.81 ደግሞ 317.2 ሰከንድ ይሆናል። ልዩነቱ ግማሽ ሰከንድ ነው፤ የእጅ መዘግየት ከዚያ ስለሚያንስ ስድስት ቡድን ለክቶ አማካይ ሲወሰድ ይለያል። በ20 ውዝዋዜ ግን ልዩነቱ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ስለሆነ በእጅ ፈጽሞ አይያዝም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። አሳቡ ግሩም ነው፦ በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ገደማ የተሰቀለ ፔንዱለም እዚያ 9.81 ይሰጣል፣ የእኛ 9.78፤ ተማሪው መሬት እንደምትሽከረከርና በወገቧ እንደተለጠጠች በራሱ ቁጥር ያየዋል። የተሰጠን መመሪያ ግን "ተማሪው ራሱ፣ በክፍል ውስጥ፣ በቀጥታ ቁልፉን ካልተጫነ ተግባር ተኮር አይባልም" የሚል ነበር። ይህን አምኜ ተነሳሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱ። የሩቅ ላቦራቶሪ (ላብ) በቀጠሮ ነው የሚሠራው። የእኛ 8 ሰዓት ከቀትር በኋላ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር 14፡00 ነው፤ የመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት በክረምታቸው ከእኛ በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር 12፡00 ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ። ቀጠሮው ግን በመጋቢት መጨረሻ ሳምንት ነበር። እነሱ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ይመልሳሉ። እኛ አንነካካም። ስለዚህ የእነሱ 12፡00 ለእኛ 7 ሰዓት ሆነ። ተማሪዎቹን ይዤ 8 ሰዓት ስገባ ቀጠሮው አልቆ ሌላ ተጠቃሚ ይዞታል። ቀጠሮ ስትይዙ የላቡን የአካባቢ ሰዓት ተዉና በዩቲሲ (አገሮች ሰዓታቸውን የሚያነጻጽሩበት የዓለም መለኪያ ሰዓት) አስቡ፤ የእኛ ሁልጊዜ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ይቀድማል፣ በጋ ክረምት አይለውጠውም።

ሁለተኛው ኔትወርኩ። ገጹ ተከፈተ፣ የይለፍ ቃሉን ተቀበለ፣ ቁልፉ ታየ፣ የቪዲዮው ሳጥን ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። በኢንተርኔቱ ፍጥነት ሳማርር ከረምኩ፤ ምክንያቱ ሌላ ነበር። የትምህርት ቤቱ መስመር የሚያስተላልፈው በፖርት (መረጃ የሚያልፍባቸው በቁጥር የተለዩ በሮች) 80 እና 443 የሚመጣውን ብቻ ነው፤ የላቡ ካሜራ ደግሞ በሌላ ፖርት ይልክ ነበር። በሞባይል ዳታ ስሞክረው ወዲያው ታየ። ማንኛውም ገጽ ከፊሉ ተከፍቶ ከፊሉ ጥቁር ሲሆን መጀመሪያ በስልክ ኢንተርኔት ሞክሩት፤ በአምስት ደቂቃ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ፖርቱን ለማስከፈት ያለኝ መንገድ ደብዳቤ ነበር። ከርእሰ መምህሩ ወደ አንድ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቢሮ፣ ከዚያም "የትኛው ድረ ገጽ እንደሆነ ይገለጽ" ተብሎ ተመለሰ። በደብዳቤው ላይ አድራሻውም የፖርቱ ቁጥርም በግልጽ ተጽፎ ነበር። የመለሰው ሰው አላነበበውም። ስድስት ሳምንት እንዲህ አለፈ፤ ትምህርቱ ደግሞ ከምዕራፉ ወጥቶ ወደ ሌላ ምዕራፍ ሄዷል። ይህ እስከ አሁን ያናድደኛል።

በመጨረሻ በስልክ ዳታ ሠራሁት። በሴኮንድ 500 ኪሎ ቢት የሚልክ ቪዲዮ በ40 ደቂቃ 150 ሜጋ ባይት ይበላል። ይህ በአንድ ስክሪን ነው፤ ሃያ ኮምፒውተር ላይ ከተከፈተ 3 ጊጋ ባይት ነው፤ በፕሮጀክተር አንዱን ብቻ አሳዩ። ተማሪዎቹ ምስሉን እያዩ በስልካቸው ሰዓት ለኩ። ያገኙት ከ9.2 እስከ 10.6 ተበታተነ። ምስሉ ይቆምና ከዚያ ተንደርድሮ ይደርሳል። መዘግየቱ ሁሌ እኩል ቢሆን ጉዳት አልነበረውም፤ የሚጎዳው መለዋወጡ ነው። ከቪዲዮ ላይ ሰዓት መለካት ስሕተት ነው። በላቡ ያለው የብርሃን ዳሳሽ ጊዜውን እዚያው ይመዘግበዋል፣ ኢንተርኔቱ ቢንቀራፈፍም ቁጥሩ አይነካም። ተማሪው ማግኘት ያለበት ያንን ቁጥር ነው።

ከዚያ በኋላ የምሠራው እንዲህ ነው፣ መመሪያውን እንደማይከተል አውቃለሁ። ትእዛዙን ማታ፣ መስመሩ በሚቀልበት ሰዓት፣ በስልኬ እልካለሁ፤ ርዝመቱንና የሚነሳበትን ማዕዘን ግን ተማሪዎቹ በቀኑ ወስነው ይሰጡኛል። ውጤቱን በሲኤስቪ ፋይል (ቁጥሮች በዓምድ የተደረደሩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) አወርዳለሁ፤ ጥቂት ኪሎ ባይት ነው። ከቪዲዮው ግማሽ ደቂቃ ቀርጬ አስቀምጣለሁ፣ መሣሪያው እውነተኛ መሆኑን ለማሳየት ያህል። በማግስቱ መብራት ቢሄድም ቁጥሮቹ በወረቀት ታትመው ለየቡድኑ ይደርሳሉ። ቁልፉን አለመጫናቸው አላጎደለባቸውም፤ ልኬቱን ማቀዳቸውና ስሕተቱን ማስላታቸው ነው ተግባሩ።

ፋይሉ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛ፣ የአውሮፓ ፋይሎች ብዙ ጊዜ ነጥብ በሚገባበት ቦታ ኮማ ይጠቀማሉ፦ 3,172 ማለት 3.172 ሰከንድ ነው፣ ኤክሴል ግን ሦስት ሺህ አንድ መቶ ሰባ ሁለት ብሎ ያነበዋል። ከመክፈታችሁ በፊት በኖትፓድ ኮማውን ሁሉ በነጥብ ለውጡ። ዓምዶቹ በሴሚኮለን ተለይተው ከሆነ ምንም አይበላሽም፤ ዓምዶቹም በኮማ ከተለዩ ግን አስተውሉ። ሁለተኛ፣ ዳሳሹ ከታች መሐል ላይ ካለ ክብደቱ በአንድ ውዝዋዜ ሁለት ጊዜ ያቋርጠዋል። የተመዘገበው ግማሽ ጊዜ ነው። በሁለት ሳይባዛ ከገባ ጂ አራት እጥፍ፣ 39 ገደማ ይወጣል። 39 ያወጣ ቡድን ስታገኙ አትቆጡ፣ ምክንያቱን ራሱ እንዲፈልግ አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት።

አንድ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፦ ከደጀን ወርደን ዓባይ ድልድይ ላይ ብንለካ ጂ ይጨምራል ወይ? ይጨምራል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ በከፍታው ብቻ ካሰላነው በየ1,000 ሜትሩ 0.003 ገደማ ነው። በ2.5 ሜትር ክር በ100 ውዝዋዜ የሚያመጣው ለውጥ 0.05 ሰከንድ ስለሆነ በእጅ ሰዓት አይያዝም። ስሌቱን እነሱ እንዲሠሩት አደርጋለሁ፤ ክሩን ይዘን ወደ ሸለቆው አንወርድም።