አባቴ ዛሬ ወገባቸውን ከፍራሹ አነሡ

አባቴ ስትሮክ ከመታቸው አራተኛ ወሩን ይዟል፤ የተጎዳው የአንጎላቸው ቀኝ ክፍል በመሆኑ የደከመባቸው የግራ እጃቸውና እግራቸው ነው። ዛሬ ጠዋት ደብረ ማርቆስ በሚገኘው ቤታችን፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ባሳየችን መሠረት፣ ለእርሳቸው አቅም እንዲስማማ የተቃለለውን የፒላቴስ እንቅስቃሴ (ከትንፋሽ ጋር እየተቀናጀ የሆድና የወገብ ጡንቻን የሚያጠነክር የስፖርት ዘዴ ነው) አብረን ሠራን። እውነቱን ለመናገር ፒላቴስን የከተማ ወጣቶች ቅንጦት አድርጌ እቆጥረው ነበር፤ ዘዴውን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1883 ጀርመን ውስጥ የተወለደው ጆሴፍ ፒላቴስ ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ በግዞት የኖረ ሰው ነው።

በጀርባቸው ተኝተው ጉልበታቸውን አጠፉ፤ የግራ እግራቸው እየተንሸራተተ ስላስቸገረ ውስጥ እግራቸውን እኔ ያዝሁላቸው፤ የደከመው ትከሻ በመጎተት ከቦታው ሊላቀቅ ስለሚችል ክንዳቸውን በታጠፈ ጋቢ ላይ አሳረፍነው። ከዚያም ትንፋሻቸውን ቀስ ብለው እያስወጡ ሆዳቸውን ሰብሰብ፣ ዳሌያቸውን ከፍ ማድረግ ነበረባቸው። ሰው ሳይወድቅ እንዲቀመጥና እንዲራመድ መጀመሪያ የወገብና የሆድ ጡንቻው ሊይዘው ይገባል። ትንፋሽን ማመቅ የደም ግፊትን ስለሚያሻቅብ ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ ታዝዘዋል፤ አባቴ ግን ቁጥሩን ትተው በእያንዳንዱ ማንሣት «እግዚኦ» ይላሉ (ለማስተንፈስ ከቁጥርም የተሻለ ይመስለኛል)። ባለፈው ሳምንት ሁለት «እግዚኦ» ብቻ ነበር፤ ዛሬ አምስት ደረሰ። በስድስተኛው ላይ «ልጄ፣ ቡናው አልደረሰም?» ብለው ጠየቁ፤ ተነሥተውም ያለ ድጋፍ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።