የጎጃም ከበሮ መቺዎች፣ አዲሱ ገበያና ወደ ኋላ የቀረው ትምህርት

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ከበሮ አሳምሮ የሚመታ ወጣት በዚህ ዘመን ፈላጊ አያጣም። ጥር ከገባ ጀምሮ ጥምቀቱ፣ የየአጥቢያው ንግሥና ሰርጉ ስለሚደራረብ፣ አንዱ መቺ ቅዳሜ ደጀን፣ እሑድ አማኑኤል ከተማ ሲመታ ይሰነብታል፤ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ መዳፉ አያርፍም። እኔ በሰንበት ትምህርት ቤት ባደግሁበት ጊዜ ከበሮ መቺነት እንደ ሙያ የሚቆጠር ነገር አልነበረም፤ የመታ ልጅ ምርቃት ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር እንጂ ስልክ ተደውሎለት፣ ቀን ተቆርጦለት፣ የትራንስፖርት ተከፍሎት የሚጠራ ሰው አልነበረም። ይህ ለውጥ ያስደስተኛል፤ ደስታዬን ግን አንድ ስጋት ይከተለዋል። ገበያው የሚፈልገው አንድ ዓይነት ምት ብቻ ስለሆነ፣ ልጆቻችን የሚማሩትም ያንን አንዱን ብቻ እየሆነ ነው።

የከበሮው ትልቁ ትምህርት ቤት ማኅሌቱ፣ ማለትም ሊቃውንቱ ሌሊት ቆመው የሚያዜሙት አገልግሎት፣ መሆኑን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላብራራ። አቋቋም በሚባለው በዚህ የማኅሌት አዘማመር ሥርዓት ዜማው መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ከዚያ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከበሮው የሚገባው ከዚህ በኋላ፣ መረግድ በሚባለው በከበሮ በሚዜመው ክፍል ነው። ሲጀመር ከበሮው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ መቺው ጎንበስ ብሎ፣ በአንዱና በሌላው ምት መካከል ሰው ሊተነፍስ የሚችልበት ክፍተት እየተወ ቀስ ብሎ ይመታዋል። ምቱ እየጠነከረ ሲሄድ ከበሮው በማንገቻው ትከሻ ላይ ይወጣል፤ መቺው በሁለት ረድፍ በተሰለፉት ሊቃውንት መካከል ወደፊትና ወደ ኋላ እየተመላለሰ ይመታል፤ በመጨረሻም ጽፋቱ ይመጣና ጭብጨባው፣ ጸናጽሉና ከበሮው አንድ ላይ ይፈጥናሉ። ስለዚህ በማኅሌቱ ሥርዓት ፍጥነት በትዕግሥት የሚደረስበት የመጨረሻው ደረጃ ነው። መምህራኑ የከበሮውን ጠፍር የጌታ ግርፋት ሰንበር ምሳሌ አድርገው ሲያስተምሩ፣ ያንን ቀስ ያለ ጅማሬ ለምን እንደሚጠብቁት ለተማሪው ይገባዋል።

ጎጃም በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ትምህርት ቤቶቹ ስሙ የገነነ በመሆኑ ስለ አቋቋሙ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ቅኔውን የተቀኘው ሊቅ ራሱ ብዙ ጊዜ በማኅሌቱ ከበሮ ይዞ የሚቆመው ነው። እነዚህ መሪጌቶች ዛሬም በየአጥቢያው አሉ። ችግሩ በእነርሱና በሰንበት ትምህርት ቤቱ መቺዎች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ግቢ ያገለግላሉ፣ ይሁን እንጂ አንዱ ሌሊት ማኅሌት ቆሞ ሲወጣ ሌላው ጠዋት ለመዝሙር ይገባል።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጅ ከበሮን የሚለምደው በአብዛኛው ከታላላቆቹ በማየትና ከተቀረጸ መዝሙር በመስማት ነው። ስልክ ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ ማየቱም መስማቱም በዩቲዩብና በቴሌግራም ሆኗል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም፤ በገጠር ቀበሌ ያለ ልጅ የአዲስ አበባን መዘምራን አመታት በሳምንቱ ይዞ ሲያጠናው አይቻለሁ። ጉዳቱ ግን ስቱዲዮ የተቀረጸ መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ፍጥነት የሚሄድ መሆኑ ነው። ልጁም ከበሮ ማለት ያ ሳይቀንስ ሳይጨምር የሚሄደው ምት ይመስለዋል፤ ሰርግ ላይ ሲጠራ ደግሞ ሕዝቡ ሞቅ እንዲልለት ይፈልጋልና ምቱ ቀስ በቀስ በዘፈኑ ዓለም ችክችካ ወደሚባለው ይንሸራተታል። ቃሉ መዝሙር፣ ምቱ የእስክስታ የሆነ ነገር ሰምቶ ያልታዘበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ችክችካን የምናገረው ለመናቅ አይደለም፤ በቦታው ሲሆን እኔም ትከሻዬን አላስቀምጠውም። ቦታው ሲቀያየር ነው ነገሩ የሚበላሸው።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። መንገዱም እንደልብ የማይኬድበት ወቅት ስለነበረ፣ አዲስ መዝሙር ከስልክ ማውረድ የለመዱት ልጆች ያላቸውን ይዘው እርስ በርስ መማማር ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም ወደ መሪጌቶቹ ዞር አሉ። ያ ጊዜ ያስከተለብንን መከራ በዚህ ምክንያት ላቃልል አልፈልግም፤ ለከበሮው ትምህርት ግን የጀመረው ነገር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም።

እኔ ባለሁበት ሰንበት ትምህርት ቤት መሪጌታው የሚያስተምሩት በዐቢይ ጾም ነው። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ስለማይመቱ፣ ማኅሌቱም በመቋሚያና በዝማሜ ብቻ ስለሚቆም፣ ወቅቱ ለከበሮ ትምህርት የማይመች ይመስላል። እርሳቸው ግን ልጆቹን አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድረው፣ ምቱን በጉልበታቸው ላይ በመዳፍ እንዲቆጥሩት ያደርጋሉ፤ ቀኝ መዳፍ ሰፊው ፊት፣ ግራ መዳፍ ጠባቡ ፊት ነው፤ መረግዱ ሲዜም ሁሉም እጅ አንድ ላይ ወርዶ አንድ ላይ መነሣት አለበት። አንድ ቀን ከልጃገረዶቹ አንዷ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «የኔታ፣ ከበሮ ሳንይዝ ከበሮ እንዴት ይጠናል?» ብላ ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ከዜማው ሳይወጡ እጃቸውን አንሥተው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ መቼ እንደማትመቺ እወቂ፤ እጅሽ ከዚያ በኋላ ይደርሳል» አሏት። ለፋሲካ ከበሮው ሲወጣ ያች ልጅ ከወንዶቹ አብዛኞቹን በለጠቻቸው።

የልጃገረዶቹ ነገር በራሱ ሊነሣ የሚገባው ለውጥ ነው። በጎጃም ሰርግ ከበሮ ይዘው ሙሽራ የሚያወጡትና የሚያስገቡት ከጥንትም ሴቶች ናቸው፤ ስለዚህ ሴት ልጅ ከበሮ ያዘች ብሎ የሚደነቅ ሰው አይኖርም። ለውጡ ያለው በሰልፉ ላይ ነው። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱና ሲመለሱ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ፊት ከባዱን ከበሮ አንግተው ረጅሙን መንገድ የሚሄዱት ዱሮ ወንዶች ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። አሁን በየሰልፉ ሴቶች መቺዎች ይታያሉ፤ ክብደቱን ለመቻልም በየተወሰነ ርቀት ይቀያየራሉ፤ ይህ የመቀያየር ሥርዓት ለወንዶቹም ተርፏል፤ እነርሱ ቀድሞ የመጀመሪያው ሰው መዳፉ እስኪላጥ ካልመታ የደከመ ስለሚመስላቸው አይቀያየሩም ነበር። የመስቀል በዓል በ2006፣ ጥምቀት ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገቡ ወዲህ ሰልፉን የሚያይም የሚቀርጽም ሰው በዝቷል፤ መቺዎቹም መታየታቸውን ስለሚያውቁ ለልምምድ ከቀድሞው ይልቅ በጊዜ ይመጣሉ። ለካሜራ ብለው ነው የሚሉ አዛውንት አሉ። እንኳን ለካሜራ ለሌላም ብለው ይምጡ፤ ከመጡ መማራቸው አይቀርም።

ዩኒቨርሲቲዎቹም የራሳቸውን ነገር ጨምረዋል። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ግቢ ጉባኤያት፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ጉባኤያት፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከደቡብ የመጡ ተማሪዎች አብረው ስለሚዘምሩ፣ የከተማው ልጅ እዚያ ሲጋበዝ ሌላ አመታት ሰምቶ ይመለሳል። በባሕር ዳር እንደ ሙሉዓለም ያለ የባህል ማዕከል መኖሩም ከበሮን በመድረክ ላይ እንደ ሙያ ይዞ መኖር እንደሚቻል ለብዙ ወጣት አሳይቶታል።

ስለ መቺዎቹ ይህን ያህል ካልን ከበሮውን የሚሠራውን መርሳት ግፍ ነው። ጥሩ ከበሮ የሚወጣው ከዋንዛ ግንድ ነው። ግንዱ ተቆርጦ በጥላ ሥር ቀስ እያለ ይደርቃል፤ ውስጡ በመሮ ይፈለፈላል፤ አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሆኖ ይስተካከላል። የበሬው ቆዳ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ፀጉሩ ከተፋቀ በኋላ፣ እርጥብ እንዳለ በሁለቱ አፎች ላይ ይለበጣል፤ ከዚያ ጠፍሩ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እየተመላለሰ ይሳባል፤ ሠሪው እግሩን ከበሮው ላይ አስደግፎ በሙሉ ጉልበቱ ሲስበው ቆዳው ሲጮህ ይሰማል። ፀሐይ ላይ ካደረቁት ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በጥላ ቀናት ይቆያል። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰዎች ቆዳ ፋቂ እየተባሉ ሲናቁ የኖሩ ናቸው፤ በገበያ እቃቸው ይገዛል፣ በማዕድ ግን አይቀረቡም ነበር። ዛሬ የመዝሙር ቡድኖች በዝተው ከበሮ ተፈላጊ ሲሆን፣ ሠሪዎቹ ዋጋቸውን ራሳቸው የሚቆርጡበት ጊዜ መጥቷል፤ በእኔ ግምት ከመቺዎቹ ዕድል ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው። ያስቸገራቸው እንጨቱ ነው። ትልቅ ዋንዛ በየማሳው ዳር እንደ ቀድሞው አይገኝም፤ መሬቱን የወረሰው ባሕር ዛፍ ነው፤ በአዊ በኩል ደግሞ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት ኮረብታውን አልብሶታል፤ ሁለቱም ለገበሬው ገንዘብ ያመጣሉ፣ ለከበሮ የሚሆን ወርድ ያለው ግንድ ግን አያስገኙም። አንዳንዱ ሠሪ ወደ ቆርቆሮ ዞሯል። የቆርቆሮ ከበሮ ለሰልፍ ቀላል ነው፤ ድምፁ ግን ጆሮ ይወጋል።

ሌላው የተከፈተው መንገድ የማርሽ ባንድ ነው። የፖሊስና የመከላከያ ባንዶች ለምት ጆሮ ያለው ወጣት ይፈልጋሉ፤ ከሰንበት ትምህርት ቤት የወጣ መቺም ጆሮው የተዘጋጀ ነው። በነገራችን ላይ ጎጃም ከናስ ባንድ ታሪክ ጋር የሚገናኝበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ነበሩ፤ በዚያው ጉዞ ኢየሩሳሌም ላይ የተገኙት አርባ የአርመን ልጆች ናቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት አዲስ አበባ ገብተው ስመ ጥር ባንድ የሆኑት። ዛሬ ወደ ማርሽ ባንድ የሚገባ ልጅ የሚጎድለው ኖታ ማንበብ ነው። በቃል የተማረ እጅ ወረቀት ሲቀርብለት ይደነግጣል፤ በቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጥ መጠነኛ የኖታ ትምህርት ለብዙዎች የደመወዝ በር ሊሆን ይችል ነበር።

ድምፅ ማጉያና ኦርጋን ከከበሮው ጋር ይግቡ አይግቡ የሚለው ክርክር እኛ ዘንድ ብቻ ያለ አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ድራም ኮር የሚባሉ የወጣት ቡድኖች አሉ፤ ከ22 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ክረምታቸውን ሰጥተው ከበሮና የናስ መሣሪያ ይዘው በሜዳ ላይ እየተሰለፉ ይወዳደራሉ፤ የሀገሪቱ ዋና ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። እነርሱም ማይክሮፎን እ.ኤ.አ. በ2004፣ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲፈቀድ ከባድ ሙግት ገጥመዋል። የእነርሱ ጉዳይ የውድድር ደንብ ስለሆነ በድምፅ ተወስኖ ያልፋል፤ የእኛ ግን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነውና ቦታው ይለያያል። እኔ በሰርግ አዳራሽ ማጉያውን አልጠላም፤ ከበሮው ፊት ማይክሮፎን ተተክሎ የጠባቡ ፊት ድምፅ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ግን መቺውም አድማጩም ተጎድተዋል።

ከሁሉ በላይ የጎደለን ማኅበር ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በማኅበር ተደራጅተው ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚያሳዩትን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ፈረሱ የየግለሰቡ ሆኖ ሳለ ክብሩን የሁሉም ያደረጉት በመደራጀታቸው ነው። የእኛ መቺዎች ግን እያንዳንዳቸው በየስልካቸው ይጠራሉ፤ ዋጋውን ደጋሹ እንደ ወደደ ይቆርጣል፤ ሰርጉ ሲያልቅ ሒሳቡ ሲጓተትባቸው አቤት የሚሉበት የለም፤ ከበሮው ቢቀደድ የሚያስጠግነው ባለቤቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ይሁን የመታው ልጅ አልተለየም። ከተለያዩ አጥቢያዎች የመጡ መቺዎች ባለፈው ሰሞን ተሰብስበው በዚህ ላይ ተነጋግረዋል። መሪጌታ ተመድቦላቸው መረግዱን በየአጥቢያው እንዲማሩ በሚለው ሁሉም ተስማሙ። ከሰርግ ገቢ አንድ ድርሻ ለቆዳና ለጠፍር መግዣ ይቀመጥ የተባለውን ግን ግማሾቹ፣ በተለይ ቤተሰብ የሚረዱት፣ አልተቀበሉትም፤ ለሰርግ የሚወሰደው ከበሮ የማን እንደሆነ ሳይወሰን ድርሻ ማውጣት አይገባም አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ የየአጥቢያው ንብረት ክፍል የከበሮዎቹን ዝርዝር ይዞ እንዲቀርብ ተወስኗል።