ክረምት ላይ ካሜራ ይዞ መውጣት

ሐምሌ ሲገባ የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ቁም ሳጥን ውስጥ ከቶ መስከረምን ይጠብቃል። ከዚያ አደይ አበባ ሲፈነዳ ሁሉም እንጦጦ ይወጣና ያንኑ ቢጫ ፎቶ ይዞ ይወርዳል። እኔ በዚህ አልስማማም። የበጋ ፀሐይ ገና በረፋዱ ሰው ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ታጠላለች። የሐምሌ ደመና ግን ብርሃኑን አለስልሶ ቀኑን ሙሉ ያቀርብልሃል።

ዝግጅቱ ቀላል ነው። ካሜራውን ፌስታል አልብሰውና ሌንሱ ጋ ቀደህ በላስቲክ እሰረው። የካሜራው መመሪያ ዝናብ አታስነካው ይላል። መመሪያ የሚያከብር ሰው ክረምቱን ቤቱ ያሳልፋል። ጉም ሲሆን ካሜራው በነጩ ስለሚታለል ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን፣ አንድ ስቶፕ (እጥፍ) ከፍ አድርግ። ዝናቡ ራሱ እንዲታይህ ከፈለግህ ከጀርባው ጨለም ያለ ነገር ይኑር። ማታ ካሜራውን እርጥብ ቦርሳ ውስጥ አትተወው፤ ሌንስ ይሻግታል። እንዲደርቅ ሩዝ ውስጥ ቅበረው የሚሉህን አትስማ፣ ትርፉ አቧራ ነው።

ሞራሌን የገደለው ዝናቡ አይደለም። ወረቀት ነው።

ሽሮ ሜዳ ነበርኩ፣ በፍልሰታ። ዶፉ ገና ማባራቱ ነው። ከሱቁ በር ላይ የተሰቀለው የሀበሻ ቀሚስ መንገዱ ላይ የተኛው ውሃ ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፤ ጥለቱ ሳይቀር። ጎንበስ ብዬ ሳነሳ አንድ ጥበቃ መጣ።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ወንድሜ፣ ውሃውን ነው የማነሳው።»

«ውሃም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋል።»

እሺ ብዬ ወደላከኝ ቢሮ ሄድኩ። የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ከማን? ከመሥሪያ ቤትህ። ለራሴ ነው የማነሳው አልኳት። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «ለራስህ ከሆነ ታዲያ ፈቃድ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ግን ለጥበቃው አትነግርልኝም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ መስክ ወጥተዋል። ከዚያ ደብዳቤው ተጻፈ፣ ማኅተም ያዢው ግን ፈቃድ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከመስኮቱ ውጭ ዓመቱን ሙሉ የጠበቅኩት ጉም ይመጣል፣ ይሄዳል። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት እንዲሉ፣ ደብዳቤው እጄ ሲገባ ሰማዩ መገለጥ ጀምሯል። ይዤው ስሄድ ጥበቃው ሳይዘረጋው መለሰልኝ። «ይኼ የዚህ ሰፈር አይደለም።» እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ፈቃድ ጠይቅ የሚሉህን ስማቸውና መጀመሪያ ቡና ጠጣ። የመንግሥት ግቢና ጥበቃ ያለበት ሕንፃ ካልሆነ በቀር፣ ከቢሮ ይልቅ የሰፈሩ ሰው ይበልጣል። እኔ መንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት በረንዳ ላይ ቁጭ ማለት ጀመርኩ። ካሜራውን ወዲያው አላወጣሁም። ካወጣሁ በኋላም መጀመሪያ እሳቸውን ከነጀበናቸው አንስቼ፣ ፎቶውን አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። በሌላ ቀን ያው ጥበቃ ሲመጣ «ተወው፣ የኔ ልጅ ነው» አሉት። ሄደ። ማኅተም አልጠየቀም።

ጠዋት ከብርድ ልብስ የመውጣቱ ጣጣም በዚሁ ተቃለለ። እትዬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይደውላሉ። «ልጄ፣ ጉሙ መጥቷል፣ አትመጣም እንዴ?» እምቢ ማለት ያሳፍራል።