የእትዬ የሠርግ ዲቪዲ
ጎረቤታችን እትዬ የልጃቸውን ሠርግ ማየት ፈለጉ። ቪዲዮው ያለው በአንድ ዲቪዲ ብቻ ነው። ዲቪዲው ኮምፒውተሩ ውስጥ እንዳለ ድራይቩ (ዲስኩን የሚያነበው ክፍል) ጸጥ አለ። መብራቱ አይበራም፣ ቁልፉን ብጫነው አይከፈትም። «አብሽር ልጄ፣ ይቅር» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

ደሴ ፒያሳ ያለ አንድ ጠጋኝ ከፍቶ እንኳ ሳያይ «ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። እንዲህ ያለው ነገር በጣም ያናድደኛል። ዕቃ ከመጣሉ በፊት ኃይል እየደረሰው መሆኑ መታየት አለበት!

ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ ከፈትኩት። ሳታ በሚባለው የገመድ ዓይነት የሚገናኝ ድራይቭ ሁለት ገመድ አለው። ጠባቡ ዳታ ያመላልሳል። ሰፊው፣ ባለ 15 ፒኑ፣ ኃይል ይሰጣል፤ 5 ቮልትና 12 ቮልት። የዳታው ገመድ ቢነቀል እንኳ ኃይል ካገኘ ትሪው (የዲስኩ ማስቀመጫ) አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል። ስለዚህ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሰፊውን ነው። ከፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) የሚመጣ ሌላ ትርፍ ገመድ ነበር፤ እሱን ሰክቼ አስነሳሁት። በራ! ድራይቩ ደህና ነው፣ የሞተው ገመዱ ነው።

(ባይበራም ዲስኩ አይቀርም ነበር። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ድራይቩ ፊት ላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ስትገፉ ትሪው ይወጣል።)

እትዬ ሙሽራዋን ሲያዩ እልልታቸውን አቀለጡት። ቪዲዮውን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሰጠኋቸው።