የኮርማ ፍልሚያውን ሥዕል ፍሬም ቤት የምትወስዱ፣ ቆማችሁ አሠሩ

ጃፓን፣ ናጋኦካ ተማሪ ሳለሁ ያማኮሺ የምትባል ተራራማ መንደር ወጥቼ የኮርማ ፍልሚያ አይቻለሁ። እዚያ አሸናፊ የለም። ኮርማዎቹ ቀንድ ለቀንድ ተያይዘው ሲጋጋሉ፣ ሴኮ የሚባሉት አዋጊዎች ዘለው ይገቡና የኋላ እግራቸውን በገመድ ጠልፈው፣ አፍንጫቸውን ጨብጠው ያላቅቋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የመሬት መንቀጥቀጡ መንደሩን ሲያፈርሰው ኮርማዎቹን በሄሊኮፕተር ነው ያወጧቸው። ይህን ካየሁ በኋላ የፍልሚያውን ሥዕል ሳልይዝ አገሬ እንደማልገባ ወሰንኩ።

ያገኘሁት ቶኪዮ፣ ጂምቦቾ ካሉት የአሮጌ መጻሕፍት ሱቆች በአንዱ ነው። የጥንቱ ጃፓናዊ ደራሲ ባኪን የጻፈው «ሀኬንደን» ልቦለድ ጀግና ኢኑታ ኮቡንጎ የደነበረ ኮርማ በቀንዱ ይዞ ሲያቆም ያሳያል፤ የሜይጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1868–1912) የእንጨት ሕትመት፣ ማለትም ከተቀረጸ እንጨት በእጅ የታተመ ሥዕል። በሁለት ካርቶን መሀል አድርጌ በእጄ አመጣሁት፣ ጉምሩክም ምንም አላለኝ።

መከራው አዲስ አበባ፣ ፍሬም ቤት ጀመረ። «አትቁረጠው፣ አትለጥፈው» ብዬ ነበር። «ችግር የለም እህቴ፣ ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው» አለኝ። ልወስደው ስመለስ የግራው ጠርዝ የለም። በሜይጂ ሕትመቶች ቀኑ፣ የአሳታሚው ስምና አድራሻ የሚሰፍረው በዚያች ቀጭን ጠርዝ ላይ ነው፤ የሥዕሉ መታወቂያ ማለት ናት። «ቢጫ ሆኖ አስጠልቶኝ አስተካከልኩልሽ» አለ፣ ምስጋና እየጠበቀ። ቁራጩስ? ከቆሻሻው ጋር ተጠርጎ ሄዷል።

ገለበጥኩት። ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ ተለጥፏል። ከጀርባው ወረቀቱን በባረን፣ ማለትም በክብ የእጅ ማሻ፣ ሲያሹት የቀረው ክብ ክብ ፈለግና ሰርጎ የወጣው ቀለም ይታይ ነበር፤ በእጅ መታተሙን የሚመሰክረው እሱ ነው። የስንዴ ስታርች ሙጫ ቢሆን በውኃ ይለቅ ነበር፣ ኮላ ግን አይለቅም። «ዋናው ሥዕሉ አለ አይደል?» ብሎ ቀሪውን ክፍያ ጠየቀኝ!

ስለዚህ ትታችሁት አትሂዱ፤ ቆማችሁ አሠሩ። አሲድ የሌለው ካርቶን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከላይ ብቻ ሁለት ቦታ በስስ የጃፓን ወረቀት ይንጠልጠል፣ መስታወቱም ሥዕሉን አይንካ። «ልምድ አለኝ» የሚል ካጋጠማችሁ ሥዕላችሁን አንሱና ውጡ። ሻጭ ከሚሰጠው የምስክር ወረቀት ይልቅ የጠርዙና የጀርባው ፎቶ ይሻላል። እኔን ያተረፈኝ ሱቁ ውስጥ በስልኬ ያነሳሁት ነው፤ ቀኑን ዛሬም አነበዋለሁ።

ባለሙያዎች ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ ይላሉ። እኔ ፀሐይ የማይደርስበት ኮሪደር ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ሐምራዊው ቢደበዝዝም ይደብዝዝ፣ የገዛሁት ላየው ነው። ያን ቀሪ ክፍያ እስካሁን አልከፈልኩም፣ አልከፍልምም።